የካርዱ ጀርባ

መስከረም 20

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ይድረስዎት። እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት፤ «ወንድሜን ሳሚልኝ፤ ስልክ ማንሳት ኃጢአት አይደለም በይልኝ» ብላለች። እርስዎ ስልክ ላይ የሚያወራ ሰው ብቻውን ከሚያወራ ሰው እንደማይለይብዎት ስለማውቅ፣ ይኸው ብዕር አንስቻለሁ።

ነገሩ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። እርስዎ ለስድስት ወር ብለው ውጭ አገር ልጅዎ ጋ ከሄዱ አራት ዓመት ሆነ፤ አዲስ ኃላፊ ከመጣብን ደግሞ ሁለት። ሠራተኛው ባወጣለት ስም ልጥራውና፣ ሪባን ቆራጭ እንለዋለን። እስካሁን አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና «ጸጥታ ይከበር» የሚል አንድ ሰሌዳ አስመርቋል። ሰሌዳውን ሲያስመርቅ የሙዚቃ ባንድ ጠርቶ ነበር። መጽሐፍ ሲያነብ ያየው የለም። መጽሐፍ ይዞ የተነሳው ፎቶ ግን በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ መጽሐፉን የያዘው ገልብጦ ነው።

አሁን የካታሎግ ክፍሉን «ዲጂታል ማዕከል» ሊያደርገው ተነስቷል። ኮምፒውተሮቹ አልመጡም፣ ሪባኑ ግን ተገዝቷል። የካርድ ካቢኔዎቹ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይወጣሉ፤ ካርዶቹም ካርቶን ለሚሠራ ፋብሪካ ይሰጣሉ። የእርስዎ የሰላሳ አንድ ዓመት የእጅ ጽሑፍ የጫማ ካርቶን ሊሆን ነው ማለት ነው። ገብቼ ለመንኩት። «ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አውጥተሽ ለሕዝብ ሼር ካደረግሽ ካቢኔው ቅርስ ይሆናል፤ ካላደረግሽ ጭነት ነው» አለኝ።

ስለዚህ ሰሞኑን ይሄ ሼር ማድረጊያ የሚባለውን ሁሉ ስሞክር ነው የከረምኩት። የመጀመሪያው በቀን ከሃያ ፎቶ በላይ አልቀበልም አለ። ሁለተኛው ፊደላችንን በሙሉ ባዶ ሳጥን አድርጎ አወጣው፤ ሪባን ቆራጭ አይቶት «ያምራል» አለ። ሦስተኛው ይሠራል። ካርዱን ስካን አድርጌ ፎልደር ውስጥ እከታለሁ፣ ሊንክ ይሰጠኛል፣ ሊንኩን ያገኘ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ያያል።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው የአንባቢዎች ካቢኔ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሰው ስልክ ቁጥር ሊጽፍበት ካርዱን እየነቀለ ጨርሶታል። ሙሉ ሆኖ የቀረው እርስዎ ክፍል ያለው የውስጥ ካቢኔ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ተሻግሯል። እባክዎን ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ሚጢ

ጥቅምት 18

ለእህቴ ልጅ ለሚጢ፤

ጤናሽ እንደ ዕድሜሽ፣ ልቦናሽ እንደ እናትሽ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥታኛለች፤ መስኮቱ የሌላ ሰው መስኮት ያሳያል።

ከቤት አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ቤተ መጻሕፍት አለ። ባለፈው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሰው የለም። መጽሐፍ የሚመዘግበው አንድ ማሽን ነው፤ መጽሐፉን ስታስቀምጪበት ይጮኻል፣ ከዚያ ያመሰግንሻል። እኔ ሰላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ሳውስ አንድም ሰው አመስግኜ አላውቅም። ለምን ብዬ? ወስዶ የሚያነበው እሱ፣ የማመሰግነው እኔ? አዘግይቶ የመለሰን ሰው የሚገላምጥ ማሽን ሲሠሩ ልጄ ትነግረኛለች ብዬ ወጣሁ።

ሼር ስለምትይው ነገር ካነሳሽ፣ የኛን ከተማ አንባቢ ከአንቺ በላይ አውቀዋለሁ። መጽሐፉን እጁ ላይ ስታኖሪለት የማያነብ ሰው፣ የመጽሐፉን ካርድ በስልኩ ስታሳዪው ሊያነብ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ ለዚህ ኖሯል። እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር።

ቁልፉ አለ። ከሰዓት ኪሴ ወጥቶ አያውቅም። የውስጥ ካቢኔ የተባለው የውስጥ ስለሆነ ነው፤ ሠራተኛ እንጂ አንባቢ አያየውም፣ ሠራተኛም ቢሆን ስፈቅድለት ነው። በሥራዬ ሰላሳ አንድ ዓመት አንድ ስህተት ብቻ ነው የሠራሁት፣ እሱም ያንን ካቢኔ ትቼ ለስድስት ወር ብዬ መውጣቴ ነው። ሁለተኛ አልጨምርበትም።

ይኼ ሪባን ቆራጭ ያልሽው ግን የማን ልጅ ነው?

አጎትሽ

ህዳር 9

ለተከበሩ አጎቴ፤

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ አሜን ብያለሁ። ልቦናዬ እንደ እማዬ ቢሆን ኖሮ ግን ይሄን ደብዳቤ በሁለት መስመር ጨርሼ በር እዘጋብዎት ነበር።

የጠየቁኝ ሰው የባለ ወፍጮው የመጨረሻ ልጅ ነው። ያ ቀጭኑ፣ አሁን ቀጭን አይደለም። በተማሪነቱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚሁ አዳራሽ ያጠና ነበር ይላሉ። ምን እንዳጠና እስካሁን አልታወቀም።

ስህተት አልጨምርም ብለዋል። ካርዶቹ ተጭነው ሲሄዱ የማን ስህተት ሊባል ነው? እኔ አስራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ስሠራ ያን ካቢኔ ተከፍቶ ያየሁት እርስዎ ፊቱ ቆመው ሲከልሉት ነው። አሁን ግን የሚከለልበት ጊዜ አይደለም። እርስዎ ራስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? ካርድ ሁለት ገጽ አለው፤ ፊቱ ለአንባቢ፣ ጀርባው ለካታሎገር። መጽሐፉ በምን በምን ርዕስ እንደተመዘገበ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው። «ጀርባውን ያላየ ካታሎገር አይደለም» እያሉ ስንት ሺህ ካርድ እንዳስገለበጡኝ አልረሳሁም። ሁለቱንም ገጽ ካላወጣሁ ሥራው ግማሽ ነው።

ቁልፍ በፖስታ መላክ ይቻላል፤ ጠይቄያለሁ። በጨርቅ ይጠቅልሉት።

ሚጢ

ታኅሣሥ 24

ለሚጢ፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይራቅ። የዘገየሁት አሞኝ አይደለም።

ቁልፉ ጠፍቷል። ባለፈው ኪሴ ውስጥ አለ ያልኩሽ ኪሴን ሳላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

አላለቀም ካልሽ፣ ካቢኔውን እንደታሸገ አስጭነሽ እናትሽ ቤት አስቀምጪው። መሃል ክፍሏ ይበቃዋል፤ ያ ሶፋ ቢወጣ የሚያዝንለት የለም። እሱም ካልተቻለ ክፈቺው፣ ግን የካርዶቹን ፊት ብቻ ስካን አድርጊ። ጀርባውን ተይው። ጀርባው ላይ ያለው ርዕስ አርጅቷል፤ ለማንም አይጠቅምም። ያስተማርኩሽ ሌላ ነው፣ አሁን የምልሽ ሌላ ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

የባለ ወፍጮውን ልጅ ወደ ካርዶቹ እንዳታስጠጊ። እጁን አውቀዋለሁ።

አጎትሽ

ጥር 27

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን ቢጠይቁኝ ሰው ፊት መቆም አቅቶኛል።

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካርዶቹን ለሕዝብ ሼር ባደረግኩ በአራተኛው ቀን ነው። ካቢኔውን ዘበኛችን በመፍቻ በአስር ደቂቃ ከፈተው፤ «ለዚች ነው ቁልፉ ባህር የተሻገረው?» ብሎ ሳቀ። ከፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ስካነር ተዋስኩ። ሃምሳ ሃምሳ ካርድ ይውጣል፤ ፊትና ጀርባውን በአንዴ ያነሳል። እኔ ስክሪኑ ላይ የፊቱን ቁጥር እያየሁ ስም እሰጣለሁ፣ ጀርባው ራሱ ተከትሎ ይገባል። አራት ሺህ ስምንት መቶ አስራ ሁለት ካርድ በስድስት ሳምንት ጨረስኩ። ሊንኩን በር ላይ ለጠፍኩ፣ አባል ለሆነ ሁሉ በስልኩ ላክሁ። ጀርባውን ግን አንዱንም አላየሁም ጋሼ። ይህን ከእኔ አፍ መስማት እንዴት እንደሚያስደስትዎት አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ መጣ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። ካርዱ ጀርባ ላይ፣ ከርዕሶቹ ሥር፣ በእርሳስ፣ በእርስዎ የጉንዳን ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ለሰባተኛ ጊዜ ተዋሰው። ገጽ 40 ላይ የተወው የአውቶቡስ ቲኬት ዛሬም እዚያው ነው።»

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አየሁ። «ልብስ ሰፊዋ አልቅሳበት መለሰችው፤ ገጹ ገና አልደረቀም። ለዚህ ለማይረባ መጽሐፍ?» «መምህሩ ድንቅ መጽሐፍ ነው ብሎኝ መለሰ። ገጾቹ ከማተሚያ ቤት እንደመጡ ተጣብቀዋል።» እንዲህ ያለ ከስድስት መቶ በላይ አለ። ለካ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ሰውን ስትቀጠቅጡ ነበር የኖራችሁት፣ እርስዎና እርሳስዎ።

የሬዲዮ ጥገናው መጽሐፍ ካርድ ላይ ደግሞ ይሄ አለ፦ «ከገጽ 113 እስከ 118 በምላጭ ተቆርጧል። ቆራጩ የባለ ወፍጮው ትንሹ ልጅ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ለአባቱ ስል ነው። ልጁ የትም አይደርስም።» ይሄን ከተማው በሙሉ አንብቦታል። እሱም አንብቦታል። ነገ ቢሮ ተጠርቻለሁ።

ምን ልበላቸው?

ሚጢ

የካቲት 15፣ በፈጣን ፖስታ

ሚጢ፤

ሰላምታው ይቆየን። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ሁሉንም ሰርዢ። ካርዱ ካርቶን ይሁን፣ ፋብሪካም ይግባ፣ ግድ የለኝም። ስሜን አድኚልኝ።

እኔ ማንንም አልሰደብኩም። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እያነበብኩ ነው ብሎ ሲዋሸኝ ሰላሳ አንድ ዓመት አንገቴን ነቅንቄያለሁ። የሆነ ቦታ መተንፈስ ነበረብኝና እዚያ ተነፈስኩ። ለማንም ሰው ዓይን አልጻፍኩትም። እመለሳለሁ፣ ስመለስ በላጲስ አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ላጲሱን እንኳ ገዝቼ ነበር። አሁን ስሞት ልብስ ሰፊዋ ለቀስተኛ ሆና የምትመጣ ይመስልሻል? እኔ በዚያ ከተማ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። እዚህ ማን እንደሆንኩ ማሽኑም አያውቅም። የቀረችኝ እዚያ ያለችው ስሜ ናት።

ከሁሉም በፊት አስራ ስድስተኛው መሳቢያ ውስጥ የንብ እርባታውን መጽሐፍ ካርድ ሰርዢ። ሳታነቢው።

አጎትሽ

መጋቢት 10

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የንቡን ካርድ አነበብኩት። ሳታነቢው ብለው ቁጥሩን ነግረው የሚልኩ ሰው፣ ሌላውን ሰው ሞኝ ሲሉ መኖርዎ ይገርማል።

ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩት ካርድ ነው፤ የንቡን መጽሐፍ ሕክምና ርዕስ ሥር ከትቼዋለሁ። ጀርባው ላይ እንዲህ ብለዋል፦ «ይህን የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት። የቀጠርኳት ለእናቷ ስል ነው። ጭንቅላቷ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ሦስት ወር አትቆይም።»

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። እስኪሄዱ ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ እንደምን አደሩ» ስልዎት፣ እርስዎ በሆድዎ ወር ይቆጥሩ ነበር። ስድስት ሳምንት ወገቤ እስኪቆረጥ ማሽን ላይ የተጎነበስኩት የእርስዎ ልፋት እንዳይጠፋ ብዬ ነው። የእርስዎ ልፋት ለካ እኔን ማማት ኖሯል።

ሪባን ቆራጭም እንደ እርስዎ ሰርዢ ብሎኛል። እንደ እርስዎ እኮ ጋሼ፣ በአንድ አፍ። ፎልደሩን ሦስት መቶ ሰው ወደ ራሱ ስልክ ገልብጦታል፤ እኔ ጋ ቢሰረዝ እነሱ ጋ አይሰረዝም አልኩት። በሁለተኛው ቀን የመጽሐፍ መመለሻ ሳጥኑ ውስጥ፣ ምንም ያልተጻፈበት ፖስታ ውስጥ፣ ሦስት ቅጠል ቢጫ ወረቀት ተጣጥፎ ተገኘ። ከ113 እስከ 118። ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቆ ያኖረው ሰውዬ ቢያንስ ሬዲዮውን ጠግኖት ከሆነ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ፋብሪካው ተነስቶ አያውቅም፤ ካርዶቹን ካስወጣቸው ሰው ምን እንደሚለው ገብቶታል። ካቢኔውን መግቢያው ላይ አኑሮ ሊያስመርቀው ነው። ካርዶችዎ ተርፈዋል ማለት ነው፣ ደስ ካለዎት።

የከተማው ሰው እርስዎ እንደፈሩት አይደለም፣ እንደተመኙትም አይደለም። መምህሩ እግሩን ከቆረጠ ወር አለፈው። ልብስ ሰፊዋ «እውነቱን ነው፣ አልቅሻለሁ፤ ባሌ የሞተ ሰሞን ነበር፣ ሌላ የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም» አለችኝና ያንኑ መጽሐፍ ወሰደች። ይህቺን እንዲያውቁ ፈልጌያለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ለስምንተኛ ጊዜ ተውሶ ገጽ 41 ደርሷል፤ በየቀኑ እየመጣ የደረሰበትን ገጽ ጮክ ብሎ ይነግረኛል፣ ጸጥታ የሚለው ሰሌዳ ሥር ቆሞ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰውዬው ምን አለ?

አልሰርዝም። ሊንኩን ለልጅዎ ልኬላታለሁ፤ ትከፍትልዎታለች። ማየት ይችላሉ፣ አስተያየት መጻፍም ይችላሉ። መሰረዝ ግን ፈቃድ አልሰጠሁዎትም።

ሚጢ

ሚያዝያ 22

ለተከበሩ አጎቴ፤

መልስ አልመጣም። እማዬ «አሞት ይሆን?» ትላለች፣ እኔ «አኩርፈው ነው» እላታለሁ። ልጅዎ ግን ፎልደሩን በየቀኑ እየከፈቱ ሰዓት ሙሉ እንደሚያዩት ጽፋልኛለች። አንድም አስተያየት አልጻፉም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ገጽ 63 ደርሷል።

ሚጢ

ግንቦት 12

(በካታሎግ ካርድ ላይ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም)

ለእህቴ ልጅ። ጤና ለእናትሽም ላንቺም።

ስካንሽን አየሁት። ሁለት መቶ ሰባት ካርድ ዘቅዝቀሽ አስገብተሻል። ዝርዝሩን በቁጥር ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ትልክልሻለች፤ አስተካክይ። ዘጠነኛው መሳቢያ ላይ ሁለት ካርድ ቦታ ተቀያይሯል፣ እሱ የኔ አይደለም። ከዚህ ፖስታ ጋር ቁልፉን ልኬያለሁ፤ ከላይኛው ኪሴ ተገኝቷል። ዘበኛው የሰበረውን መቆለፊያ ያሠራና ካቢኔው ይዘጋ። የባለ ወፍጮው ልጅ ሪባኑን ሲቆርጥ መቀሱን ቆጥረሽ ተረከቢው።

(ከጀርባው፣ በእርሳስ)

በ16ኛው መሳቢያ፣ በንብ እርባታው መጽሐፍ ካርድ ላይ ያለው ማስታወሻ ይታረም። ሦስት ወር የተባለው አስራ አንድ ዓመት ሆኗል። ስህተቱ የጸሐፊው ነው። እኔ ካቢኔውን ትቼ ወጣሁ፤ እሷ አልወጣችም።

ስለ ልብስ ሰፊዋ የጻፍኩትም ይታረም። አላወቅሁም ነበር። አፍሬያለሁ።

ይህ ጀርባ ለአንቺ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው እንዳታሳዪ።

ሰኔ 2

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። ካርድዎም ቁልፉም ደርሰውኛል። ምርቃቱ አልፏል፤ ባንዱ መጥቶ ነበር፣ መቀሱን ተረክቤያለሁ። ሁለት መቶ ሰባቱን ካርድ አስተካክያለሁ። ሁለት መቶ ስድስት ነበሩ።

እማዬ የካርዱን ጀርባ ሳነብላት ሁለቴ አስደገመችኝ፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መጽሐፉን ጨርሶ መለሰ፤ አልወደደውም።

ካርድዎን አስራ ስድስተኛው መሳቢያ ውስጥ ከንቡ ካርድ ኋላ አስገብቼዋለሁ። እንዳስተማሩኝ ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጌያለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ጀርባውን አይቼ። ሊንኩ ለሁሉም ክፍት ነው። ትናንት መጀመሪያ የከፈተችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

የእህትዎ ልጅ፣ ካታሎገር